ፍሬን የሚታየው ደባርቅ ላይ ነው

ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑን የሚያየው ደባርቅ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ «እስኪ ልፈትሽ» ቢል ዋጋ የለውም። የኮምፒውተር ሥርዓት መቀየርም እንደዚሁ ነው፤ መመለሻው የሚዘጋጀው ከመነሳት በፊት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግን «አዲሱ ሲስተም መቼ ይገባል?» የሚል ይበዛል እንጂ «ካልሠራ ወደ ነበረው እንዴት እንመለሳለን?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የሊነክስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። አብዛኞቹ የዓለም ሰርቨሮች የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌርም በብዛት የሚጫነው በእሱ ላይ ነው። ማሽኑ ሲበራ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ቀድሞ የሚነሳ «ኢኒት» የሚባል አለ። ኔትወርኩን፣ ዳታቤዙን፣ ሌላውንም አገልግሎት የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። እሱ ከተሳሳተ ማሽኑ በርቶ ሥራ የለም።

ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ የያዘው ሲስቪኢኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲስተምዲ መጣ። በ2014 መጀመሪያ የደቢያን ቴክኒክ ኮሚቴ ከብዙ ክርክር በኋላ ሲስተምዲን መረጠ። በቀናት ውስጥ የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልዎርዝ የራሳቸውን አፕስታርት ትተው ደቢያንን እንደሚከተሉ አስታወቀ። ውሳኔው ያላስደሰታቸው ተገንጥለው ደቩዋንን መሠረቱ፤ የመጀመሪያው እትም በ2017 ወጣ።

ከጸቡ ይልቅ ትምህርት የሚሆነው ክፍት የተተወው በር ነው። ኡቡንቱ 15.04 ወደ ሲስተምዲ ሲዞር፣ የፈለገ ሰው አፕስታርትን መርጦ ማሽኑን ማስነሳት ይችል ነበር። ደቢያንም ወደ ሲስቪኢኒት መመለሻውን አልዘጋም። ሆኖም ብዙ ፕሮግራሞች ለአሮጌው ሥርዓት የሚሆን ማስነሻ ይዘው መምጣት ትተዋል። ባለሙያው ተመልሶ ማሽኑን ቢያስነሳም ዳታቤዙን ተኝቶ ሊያገኘው ይችላል። የማይሄዱበት መንገድ ሣር ይበቅልበታል።

ይህ ማለት አሮጌው ይሻላል ማለት አይደለም። ሲስተምዲ በአግባቡ ከተዋቀረ የወደቀን አገልግሎት ራሱ ያነሳል፤ ባለሙያ እንደልብ በማይገኝበት ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መመለስም ውርደት አይደለም። አገሪቱ በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ የተወችውን የ6-2-4 የትምህርት እርከን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መልሳ ወስዳዋለች። ጥያቄው መመለሻው ምን ያህል ያስከፍላል፣ ማንስ ይከፍላል ነው።

ደባትን እንውሰድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በወረዳው ውልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየተከታተለ ይመዘግባል። እንዲህ ያለ መዝገብ ከየትኛውም ማሽን ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ ባልታሰበበት ለውጥ የጠፋ የአንድ ዓመት መረጃ ግን ተመልሶ አይቆጠርም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። «ካስፈለገ ከኢንተርኔት እናወርደዋለን» የሚል ዕቅድ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ዕቅድ አይደለም።

ስለዚህ ሰርቨሩን የሚቀይር ማንኛውም መሥሪያ ቤት ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ይጠይቅ። የቀድሞው ሥርዓት ሙሉ ፋይል ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ዲስክ ላይ በእጁ ይኑር። የመረጃው ቅጂ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መጫኑ በሌላ ማሽን ተሞክሮ ይታይ። መመለሻው በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የጫነው ሰው ቢዛወር ሌላው አንብቦ የሚሠራው ይሁን።

ሦስቱ ካልተሟሉ ርክክቡ ላይ ማንም መፈረም የለበትም።