ሠርገኛ መጣ፣ አልጋ ፈልጉ

የጥር ወር ሲብት ከባንክ መስኮቴ ፊት የሚቆመው ሰው መልኩ ይለወጣል። ያልጠየቅሁትን ምክንያት እየነገረኝ ገንዘቡን ያወጣል፤ ለአዳራሽ ቀብድ፣ ለመኪና ኪራይ፣ ለዲኮር፣ ለቪዲዮ። ገንዘቡ የባለቤቱ ነውና አልሟገትም። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «ይህ ደግሞ ከአገር ቤት ለሚመጡት ዘመዶቻችን ማደሪያ ነው» ያለኝ ደንበኛ አንድም የለም።

ሙግቴ ይህ ነው፤ የአዲስ አበባ ሠርግ እንግዳ መጥራቱን ይዞ እንግዳ መቀበሉን ጥሏል። አባቶቻችን ሳይዘጋጅ የተገኘን ደጋሽ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እያሉ ይሣለቁበት ነበር። የዛሬው ደጋሽ በርበሬው ከወራት በፊት ተቀንጥሶለታል፤ ወጡም በውል ታዝዞለታል። የጎደለው ሠርገኛው ጎኑን የሚያሳርፍበት ነው።

ቁጭቴ ከየት እንደመጣ አልደብቅም። ትውልዴ ከጋይንት ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ደብር ናት፤ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያስመሰክር ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ እየተነሣ ወደዚያ የወረደው ተማሪ ስንቱ ነው! ያ ተማሪ የሆቴል አድራሻ ይዞ አልሄደም። ጎጆ ተጋርቶ አደረ፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ባለ ጊዜ የገበሬው ሚስት ከልጆቿ ሌማት ቆርሳ ሰጠችው። የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቀችውም። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ እዚያው ቤተ ልሔም ደርሶ፣ በክቡ የሣር ክዳን ሥር ተሸፍኖ የኖረውን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አይቶ በኋላ በመጽሐፉ ለዓለም አወራ። (ካህናቱ ዕለት ዕለት የሚያገለግሉበትን ቤት እሱ «አገኘው» ይባልለታል፤ ይሁን።) የጥሪ ካርድ የላከለት ሰው አልነበረም፤ በሩ ግን ተከፍቶለታል።

እንግዲህ የዚህ አገር ሰው ጠርዙ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ካርድ ደርሶት ይነሣል። ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያም የዓባይ በረሃ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ የሚዘጋ ነው። ይህን ሁሉ አልፎ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ የሚቀበለው የስልክ ድምፅ ነው። «መሪጌታ፣ እንኳን በደኅና ገቡ! ለዛሬ እዚያው አካባቢ አልጋ ይያዙ፤ ነገ አዳራሹ ላይ እንገናኛለን።» ድጓ ያስመሰከሩ አንድ ዘመዳችን እንዲህ ተብለው፣ ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሚያንባርቅበት መጠጥ ቤት በላይ፣ ከኪሳቸው ከፍለው አደሩ። በዚያው ሠርግ ከዋሽንግተን የመጡትን እንግዳ ግን አበባ የያዙ ዘመዶች በሦስት መኪና ቦሌ ወጥተው ተቀብለዋቸዋል፤ የሆቴል ክፍላቸውም አስቀድሞ ተከፍሎበት ነበር። ሁለቱም የሙሽራዪቱ አጎቶች ናቸው።

በዚያ ሰሞን ይህችን ጫርሁ፦

አዳራሹን ያየ ቤቱን ሳያይ ሄደ፣
እንግዳ ተጠርቶ ዘመድ ተሰደደ።

«ቤታችን ጠባብ ነው» ይሉኛል። አንድ መኝታ ባለው ኮንዶሚኒየም ዐሥር ሰው እንደማይተኛ አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እንግዳ ተከፋፍሎ ያሳድር የነበረው ጉርብትና አብሮ መበተኑንም አውቃለሁ። ግን የጋይንት ገበሬ ቤት መቼ ሰፍቶ ያውቃል? ባለቤቱ መደቡን ለእንግዳው ለቆ እሱ መሬት ይተኛል እንጂ። እድሩ ድንኳንና ወንበር ያውሰን የለም ወይ? ፍራሽስ ስለምን አንጠይቀውም? ስምንት ሚዜ ሱፍ ከሚሰፋለት ይልቅ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት እንግዳ ወደ ቤቱ ቢወስድ ምን ይጎድልበታል? ይህም ካልሆነ ደኅና ሆቴል ይያዝ፤ ሆቴልን አልጠላም። በከተማችን ስመ ጥሩውን የመጀመሪያ ሆቴል ያቆሙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እኚያው እቴጌ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ሲከበር ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አሰናድተዋል። ሆቴሉ ከፍሎ ለሚያድር መንገደኛ ነበር፤ ለጠሩት ሰው ግን ሂሳብ አላቀረቡለትም።

ምግቡስ? ቡፌ የሚሉት ነገር እንግዳን ሳሕን አስይዞ ያሰልፈዋል። በዳስ እንግዳ ተቀምጦ ነው የሚበላው፤ አሳላፊ ይዞርለታል፣ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ተብሎ ይጎርሳል። ሳይለመን ሳሕን መሙላት ነውር የሚሆንበት ሽማግሌ ከዚያ ሁሉ ድስት ፊት ሁለት ማንኪያ ጨልፎ ይመለሳል፤ እኛም «አገር ቤት ሰው ብዙ አይበላም» እንላለን! የአዳራሹ ኪራይ በሰዓት ነውና ሳይጠግብ መብራት ይጠፋበታል። እሑድ አልፎ ረቡዕ ሲመጣ ደግሞ በየቤቱ የተረፈው ሥጋ ብቻ ነው፤ ጿሚው ሽሮ የሚሠራለት አጥቶ ይውላል።

ከተማ ማሳየትም አለ። ዘመዶቻችንን የምንወስዳቸው የገበያ ሕንፃ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ልናሳያቸው፣ አለዚያም በመናፈሻ ለሙሽሮቹ ፎቶ ማጀቢያ ልናደርጋቸው ነው። የድጓ መምህር ግን ስድስት ኪሎ ይወሰዱ። በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የብራና መጻሕፍት ክምችት አለው፤ ወመዘክርም እንዲሁ። በብራናው ላይ ያለውን የዜማ ምልክት እኛ እንደ ጌጥ የምናየው፣ እርሳቸው ግን የሚያዜሙት ነው። ቅድመ አያታቸው የዘመቱላቸው ሽማግሌ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይሂዱ፤ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስከ ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ የእግር መንገድ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሥራ ፈቀቅ ያለለት ወጣትና የታክሲ ገንዘብ ይበቃል።

የመጪው ጥር ካርድ ገና አልታተመ ይሆናል። ከአዳራሹ ስም በታች ሁለት መስመር ይጨመርበት፤ አውቶቡስ ተራ ወጥቶ የሚቀበላቸው ሰው ስምና ስልክ፣ የሚያድሩበትም ቤት ከነሰፈሩ።