ዓይን አጥር አይሆንም

ሕፃን ከኮንዶሚኒየም በረንዳ ወደቀ ሲባል ሰፈርተኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እናቱ የት ነበረች?» ብሎ ነው። እናት ሥራ ላይ ከነበረች ሞግዚቷ ትጠየቃለች። የበረንዳው ብረት ቁመቱ ስንት ነው፣ በአንዱና በሌላው ብረት መካከል ያለው ክፍተትስ ልጅ ያሾልካል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ለቅሶው ያልፋል፣ እናቲቱ ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች፣ ብረቱ ግን አይነካም። በእኔ እምነት ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ብረቱና እሱን የበየደው፣ ያስበየደውና አይቶ ያለፈው ሰው ነው።

ልጅን በዓይን ብቻ መጠበቅ የማይቻልበት ምክንያት በልጁ አካል ውስጥ አለ። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከሌላው ሰውነቱ አንጻር ሲታይ ከባድ ነው። ታች የሚጫወቱትን ለማየት በብረቱ ላይ ሲያጎነብስ ክብደቱ ወደፊት ያደላል፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ነገር የለም። ለመንጠላጠል ደግሞ ማንም አያስተምረውም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በረንዳው በጀሪካን የተሞላ ነው፣ ጀሪካን ደግሞ ለሦስት ዓመት ልጅ ጥሩ መወጣጫ ነው። ሽሮው እንዳይገነፍል ዞር ያለች እናት ስትመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ቸልተኝነት ብሎ መጥራት ግፍ ነው።

ይህን ቀድማ የተረዳችው ኒው ዮርክ ናት። በከተማዋ ድሃ ሰፈሮች በበጋ ሙቀት መስኮት ተከፍቶ ይውላል፣ ልጆችም ይወድቁ ነበር። የጤና ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1972 «ልጆች መብረር አይችሉም» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው የምክር ዘመቻ ሊመስለው ይችላል፤ ምክርም ነበረበት። ሆስፒታሎችና ፖሊስ ጣቢያዎች ከመስኮት የወደቀውን ልጅ ሁሉ እንዲያስመዘግቡ ተደረገ፣ ነርሶች ቤት ለቤት ሄዱ። ዋናው ነገር ግን ቢሮው ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች የመስኮት መከላከያ ብረት በነፃ ማደሉ ነው። ብሮንክስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል ከ1973 እስከ 1975 ባለው ጊዜ የተመዘገበው መውደቅ በግማሽ ቀነሰ። በ1976 ደግሞ ከተማዋ ግዴታውን በአከራዩ ላይ ጣለች፦ ሦስትና ከዚያ በላይ መኖሪያ ባለው ሕንፃ ዕድሜው 10 ዓመት ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ካለ አከራዩ ብረቱን ያስገጥማል። የብሮንክስ እናቶች በሦስት ዓመት ውስጥ ድንገት ጠንቃቃ ሆኑ የሚል ካለ ያስረዳኝ። የተለወጠው መስኮቱ ነው።

«ወላጅ ካየ ይበቃል» የሚለውን እምነት ይበልጥ የሚያፈርሰው ግን የዎከር ነገር ነው። ድሮ ልጅ «ወፌ ቆመች» እየተባለለት ነበር መቆም የሚለማመደው፤ ቢወድቅም በቂጡ ነው። አሁን ባለ ጎማ ዎከር ውስጥ ይቀመጣል። ጎማው በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ይወስደዋል፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ ሊደርስበት አይችልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2014 ዕድሜያቸው ከ15 ወር በታች የሆኑ ከ230 ሺህ በላይ ሕፃናት በዎከር ምክንያት ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ከአራቱ ሦስቱ ያህል የወደቁት ከደረጃ ላይ ሲሆን አብዛኞቹ የተጎዱት ጭንቅላታቸውንና አንገታቸውን ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩንም ማስመጣቱንም ከለከለች። ዎከር ልጅን ቶሎ ያስኬዳል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ እንዲያውም ሊያዘገይ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ለአራስ ጥየቃ ይዘነው እንሄዳለን።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከግቢ ወደ ፎቅ ወጥቷል። በግቢ ልጅ ሲወድቅ «እኔን!» ብላ የምታነሳው ጎረቤት አትጠፋም ነበር፤ ከፍታውም ቢበዛ የመደብ ያህል ነው። ፎቁ ይህን ሁሉ ሲለውጥ ጥበቃው ግን እንደ ድሮው በሰው ዓይን ላይ ቀረ። አግድም የተበየደ የበረንዳ ብረት ለልጅ መሰላል ነው፤ ቁሙን መሆን አለበት። በአሜሪካ የሕንፃ ደንብ በብረቶች መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ ማለፍ የለበትም፣ ምክንያቱም ኳሱ በማያልፍበት የሕፃን ጭንቅላትም አያልፍም። የአፓርታማ በረንዳ ብረት ከፍታ ደግሞ 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ለመለካት አንድ ሜትርና አምስት ደቂቃ ይበቃል።

መስኮቱንም በረንዳውንም በፍርግርግ መዝጋት በእሳት ጊዜ ወጥመድ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ኒው ዮርክም ወደ እሳት ማምለጫ የሚያወጣውን መስኮት ከግዴታው አውጥታዋለች። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ መውጫ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈት ይሁን። ለሌባ ብለን ቤቱን ሁሉ በብረት ለማጠር ገንዘብ ካላጣን፣ ለልጁ ሁለት ተጨማሪ ብረት ማስበየድ አያቅተንም።

ከወደቀ በኋላስ? የወደቀ ልጅ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ያለወትሮው እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ ጊዜ ሳይጠፋ ሆስፒታል ይወሰድ። የአጥንቱ ነገር ደግሞ ወጌሻን ያነሳል። ወጌሻን መናቄ አይደለም፤ ቅርባችን ያለው እሱ ነው። ነገር ግን በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅ ሲያብጥ ደም መተላለፊያ ያጣል፣ በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በሆስፒታሎቻችን ታክመዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩ በዚያው ሰዓት ይፈታ፣ ልጁም ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ አቁሞልናል። ይህ ኃላፊ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የደረጃውንና የበረንዳውን ብረት ይለካ፤ ያላሟላ ሕንፃ ሰው አይግባበት። ቀድሞ የተሠራውን የነዋሪዎች ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ ያድርገው፤ ለጥበቃና ለጽዳት መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር ለዚህም መሰብሰብ ይችላል። አንባቢም ይህን ገጽ አስቀምጦ በረንዳው ላይ ይውጣ፣ ጀሪካኑንና በርጩማውን ከብረቱ ያርቅ፣ ክፍተቱንም ይለካ። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ዛሬውኑ በያጅ ይጥራ።