ሙያን ከመምረጥ በፊት ሙያን ማየት

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ወደ ፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት ስሞች አንዱን ይጠራል። ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ አውሮፕላን አብራሪ፤ አለዚያም «ውጤቴ የፈቀደልኝን» ይላል። በመልሱ ልንነቅፈው አይገባም። ሰው የሚመርጠው ከሚያውቀው ውስጥ ነውና፥ ያላየውን ሙያ ሊመኝ አይችልም። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ተማሪው ሳይሆን፥ ሙያን ሳያሳይ «ምረጥ» የሚለው አሠራር ነው።

ለዚህ ነገር ከቆቃ የተሻለ ምስክር የሚገኝ አይመስለንም። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ኢጣልያ ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ሦስቱ ተርባይኖቹ በድምሩ 43.2 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው የተተከሉ ናቸው። ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃም ወደ ታች ወርዶ የአዋሽ ሁለትንና የአዋሽ ሦስትን ማመንጫዎች ያንቀሳቅሳል፤ የወንጂንም የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። ከዚያው ሳንርቅ፥ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ 102 ተርባይኖቹን በኮረብታው ላይ አሰልፎ ይታያል። በሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ በኩል ያልፋል። በሐይቁ ዳር ቆሮሶና አምባዛ የሚያሰግረው ዓሣ አስጋሪ፥ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ፥ የአበባ እርሻውም ሠራተኛ ሁሉም በየፊናው ይደክማል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል ተወልዶ ያደገ ልጅ የተርባይንን ነገር የሚማረው ከፊዚክስ መጽሐፍ ሥዕል ነው። ሥዕሉን አይቶ ስሙን ያጠናል፤ በፈተናም ቀን ይጽፈዋል። እውነተኛው ተርባይን ግን ከቤቱ እምብዛም ሳይርቅ ሌትና ቀን ይዞራል። በሩን አልፎ ገብቶ ያየው ስንቱ ነው? ማብሪያውን ሲጫን አምፑሉ የሚበራው ስንት ሰው ስለ ሠራበት መሆኑንስ የሚያውቅ ስንቱ ነው?

በአንድ የኃይል ማመንጫ የሚሠራው መሐንዲስ ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ቢኖር ተሳስቶአል። የውሃውን መጠን በየቀኑ የሚለካና የሚመዘግብ አለ፤ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ሆኖ የሚከታተል አለ፤ የተሰነጠቀውን ብረት የሚበይድ፥ ሽቦውን የሚጠግን፥ የዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቅ፥ ሒሳቡን የሚይዝም አለ። ከዚህም በቀር፥ ከላይኛው አዋሽ ተጠርጎ የሚመጣው ደለል የሐይቁን ውሃ መያዣ እያጠበበው መሄዱ የታወቀ ነው። የእምቦጭ አረምም በሐይቁ ላይ ሲያስቸግር ኖሯል። ስለዚህ የግድቡን ዕድሜ የሚያራዝመው ሰው ምናልባት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይሆን፥ በላይኛው አገር በገበሬው ማሳ ላይ እርከን የሚያሠራው የአፈር ጥበቃ ሠራተኛ ይሆናል። ይህን ትስስር በስፍራው ቆሞ ያየ ተማሪ ጂኦግራፊን፥ ባዮሎጂንና ፊዚክስን እንደ ሦስት የማይተዋወቁ ደብተሮች አይቈጥራቸውም።

ጉዳዩ የመዝናኛ ጉብኝት ጉዳይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከቀሩት ውስጥ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ያገኙ ቢኖሩም፥ እጅግ የሚበዛው ወጣት ዐሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ቤቱ ተመልሶአል ማለት ነው። ይህ ወጣት ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም የሚጨነቀው። አንድ በር ብቻ አሳይተውት ያ በር ስለ ተዘጋበት ነው። ፈተናውን ያለፈውም ቢሆን ከጭንቀት አይድንም፤ ስሙን እንጂ ሥራውን የማያውቀውን የትምህርት ክፍል በወረቀት ላይ ይመርጣልና።

በእጅ የሚሠራን ሥራ መናቅ በአገራችን የቆየ ሕመም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ የከለከሉት ሕመሙ ስለ ታያቸው ነው። አዋጅ ምላስን ይከለክላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ሥራውን ቀርቦ ማየት ነው። ቀርቦ ማየትም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በጀርመን አገርም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ፋብሪካ ገብተው ሥራን ይለማመዳሉ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርታችን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት መግባቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ካልተሻገረ፥ ዋና ሳይገቡ ስለ ዋና እንደ ማንበብ ይሆናል።

«ማሽን ባለበት ቦታ ልጆች ቢገቡ አደጋ ይደርሳል፤ ሥራም ይታጐላል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው እውነት አለው፤ ሆኖም በሩን ለመዝጋት የሚበቃ ምክንያት አይደለም። የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። «ተማሪን በነፃ ጉልበት የሚጠቀሙበት ይኖራሉ» ለሚሉትም እንዲሁ ነው። ተማሪው የሚገባው ሊያይ፥ ሊጠይቅና በባለሙያው ፊት እጁን ሊያለማምድ እንጂ የሠራተኛን ቦታ ሊሸፍን አለመሆኑ በጽሑፍ ይወሰን።

የእኛ አሳብ አጭር ነው። ዐሥረኛ ክፍልን የጨረሱ ተማሪዎች በክረምቱ ወራት ለአንድ አንድ ሳምንት ወደ ሥራ ቦታ ይግቡ። አንድ መሥሪያ ቤት በሳምንት 10 ተማሪ ብቻ ቢቀበል በ8 ሳምንት 80 ይሆናሉ፤ ዐሥር መሥሪያ ቤቶች ቢተባበሩ 800 ወጣቶች ሥራን በዓይናቸው አዩ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ መምህርና አንድ የሥራ ቦታው ባለሙያ ይመደቡለት፤ የራስ ቁርና የደኅንነት ትምህርት አስቀድሞ ይሰጠው። ሴቶች ተማሪዎች ወደ ቢሮው ብቻ ሳይሆን ወደ መበየጃውና ወደ ተርባይኑ ክፍልም እኩል ይመሩ። ተማሪው ያየውን በማስታወሻ ጽፎ ሲመለስ ለታናናሾቹ ያንብብ። ይህ ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤና አንድ ፊርማ ይጠይቃል።

ያን ደብዳቤ የሚጽፉትም ሆነ የሚፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ይህን ገጽ የሚያነቡት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ከትምህርት ቤት የወጡት በቅርብ ነውና፥ ሳያውቁ መምረጥ ምን እንደሚመስል ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። ከትምህርት ቤት የቀረበላቸውን ጥያቄ «ለሚመለከተው ክፍል» ብለው ከማሳለፍ ይልቅ ራሳቸው ቢከታተሉት ምስጋናው የእነርሱ ነው።

ተማሪዎችም ደብዳቤው እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ አይገባቸውም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና፥ አምስት ሆነው ተሰብስበው ከመምህራቸው ጋር ወደ ጋራዡ፥ ወደ ጤና ጣቢያው፥ ወደ ዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር፥ ወደ መስኖው እርሻ ሄደው «አንድ ቀን እንድናይ ይፈቀድልን» ብለው ይጠይቁ። አንዱ እምቢ ቢል ሌላው እሺ ማለቱ አይቀርም።