አፕ ሠሩ... ከዚያስ?

በየትምህርት ቤቱ የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ የሚታየው ነገር ተመሳሳይ ነው። ተማሪዎች "የማኅበረሰቡን ችግር የሚፈታ አፕ" ይዘው ይቀርባሉ። ባለሥልጣን ይጎበኛል፤ ይጨበጨባል፤ ሰርተፍኬት ይታደላል፤ ፎቶ ይለጠፋል።

ከዚያስ? በሳምንቱ አፑን የሚከፍተው ሰው የለም።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ትምህርቱ ከመልሱ ስለሚጀምር ነው። መጀመሪያ "አፕ ሥሩ" ይባላሉ፤ ችግር ፍለጋ የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወጣቱ ፕሮግራሚንግና የአንድሮይድ አፕ ሥራን በነጻ እንዲማር በር ከፍቷል። ይህ ይመሰገናል። ነገር ግን ስንት ሰው ሰርተፍኬት እንደወሰደ ብቻ እየተቆጠረ፣ የተማሩት የማንን ችግር እንዳቃለሉ ካልተጠየቀ ቁጥሩ ለሪፖርት ማድመቂያ ይሆናል።

ለአብነት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ለገበሬው ያቀረበው አፕ አልነበረም፤ 8028 የተባለ የስልክ መስመር ነው። ምክንያቱም በገበሬው እጅ ያለው ተራ ሞባይል ነው፤ ብዙው ማንበብ አይችልም፤ ኢንተርኔትም አያገኝም። በነጻ ደውሎ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በራሱ ቋንቋ ያዳምጣል። ሚሊዮኖች ደወሉ። ቴሌብርም በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር በአፕ ብቻ አልመጣም፤ ለተራ ስልክ *127#ን ይዞ ነው የመጣው። ሁለቱም የጀመሩት ከተጠቃሚው እጅ ነው።

"ልጆች ናቸው፣ እየተለማመዱ ነው" የሚሉ አሉ። ልምምድ ከሆነ ልምምድ ይባል! ማኅበረሰቡን አንዴ እንኳ ሳይጠይቁ በስሙ መሸለም ግን ልጆቹን ለይስሙላ ሥራ ማሠልጠን ነው።

ተማሪው ኮምፒውተር ከመክፈቱ በፊት ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ የውሃ ቦኖ አጠገብ ይዋል። ይጠይቅ፤ ይመዝግብ። መፍትሔው አፕ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የተራ ዝርዝር መሆኑን ከደረሰበት ሙሉ ማርክ ይሰጠው። አፕ የሚያስፈልግ ከሆነም ሽልማቱ ስድስት ወር ይቆይ፤ ያኔ እየተጠቀመበት ያለ ሰው ከተገኘ ይሸለም።

ዳኛው መድረክ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ሳይሆን ወረፋ ላይ የቆመችው እናት ትሁን።