የሰው ባጅ ደረታችን ላይ፣ የእኛ ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ



ባለፈው እሁድ እንጦጦ ላይ አንድ ወንድማችንን አገኘሁት። ከሾላ ገበያ በገዛው የሳልባጅ ጂንስ ጃኬት ላይ አራት ክብ ባጆች ሰክቷል። አንዱ የታወቀው የሰላም ምልክት ነው። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ፣ ያምራል» አለኝ።

ምልክቱን በ1958 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የኒውክሌር መሣሪያን ለተቃወሙ ሰልፈኞች የሣለው ጄራልድ ሆልቶም ነው። በኋላ የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙ ወጣቶች ደረታቸው ላይ አደረጉት። ለጥቁሮች መብት የታገሉ የአሜሪካ ተማሪዎችም ጥቁርና ነጭ እጆች የተጨባበጡበት ባጅ ነበራቸው። ዛሬ እነዚያን ቆርቆሮዎች ሰብሳቢዎች በዶላር ይገዟቸዋል፤ ሙዚየሞች በመስታወት ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ባጅ መሰብሰብን አልነቅፍም። የምነቅፈው የሰውን ትግል ደረታችን ላይ ሰክተን የራሳችንን መጣላችንን ነው።

የራሳችን የለንም እንዴ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ የአዲስ አበባን አደባባዮች ሞላ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ይብቃ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ በዓላችን ይከበር አለ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረውት ወጡ። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። ዛሬ ዒድን ከሥራ አርፈን የምንውለው በዚያ ሰልፍ ነው። በ2004 ደግሞ ከአወሊያ የተነሳው «ድምፃችን ይሰማ» መጣ። ሕዝቡ ቢጫ ካርድ አነሳ። ኳስ የሚያይ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ርካሽ፣ ቀላል፣ ማንም ሊይዘው የሚችል። የእኛ ባጅ እሱ ነበር።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ያ ካርድ አሁን የት ነው? ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤታችሁን ፈትሹ። ስንቶቻችሁ አላችሁ?

«ሁሉም ፌስቡክ ላይ አለ» የሚል አይጠፋም። ፔጅ ይዘጋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል። «አሮጌ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚልም አለ። ታዲያ ነገ አንዱ ተነስቶ ያ ሰልፍ አልነበረም፣ ጥያቄውም ሌላ ነበር ቢል በምን ትመልሱለታላችሁ? በዚያ ዘመን ፈርቶ ያጠፋን ሰው አልወቅስም። የምወቅሰው ዛሬ ሳይፈራ፣ በስንፍና ብቻ የሚጥለውን ነው።

ሰብስቦ መደርደርም ብቻውን አይበቃም። እኛ የሰነድን ዋጋ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ሐዲስ ሲነገረን «ከማን ሰማህ? እሱስ ከማን?» እንላለን። ለካርዱና ለበራሪ ወረቀቱም እንዲሁ መጠየቅ አለብን። ማን ያዘው? የት? በየትኛው ጁሙዓ? ይህ ካልተጻፈ ነገ ቢጫ ወረቀት ብቻ ነው። ያ ወንድማችን ትርጉሙን ሳያውቅ ከሰካው ባጅ በምን ይለያል?

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት እንጀምር። በ1966 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 በላይ ነው። አባቶቻችንንና እናቶቻችንን እንጠይቅ፤ ድምፃቸውን እንቅዳ። የተገኘውን ወረቀት በፕላስተር አንለጥፈው፣ ላዩ ላይም አንጻፍ። ታሪኩን በሌላ ወረቀት ጽፈን አብረን በፖስታ እናስቀምጠው፤ ከእርጥበትና ከፀሐይ እናርቀው። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስተን ከአንድ በላይ ቦታ እናኑር። የሰው ስምና ፊት ያለበትን ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አንለጥፍ።

ያን ወንድማችንን ባጁን አውልቅ አላልኩትም። አባቱ ግን በ1966 ሰልፍ ወጥተው እንደነበር ሲነግረኝ፣ «ምን ይዘው ወጡ?» አልኩት። አላወቀም። «ዛሬውኑ ጠይቃቸው» ብዬው ተለያየን። እናንተም ጠይቁ።