ክሩ ይምጣ፣ ግን በፋብሪካ በር

እኛ ጋዜጠኝነት ነው የተማርነው። ስለ ኮንክሪት እንድትጽፉ ማን ፈቀደላችሁ ትሉን ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው፤ ከሥሩ እንተኛለን። የብዙዎቹ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ወለል ቀድመው የተመረቱ ቀጫጭን ቢሞች ተደርድረው፣ መሐላቸው በብሎኬት ተሞልቶ፣ ከላይ ኮንክሪት የፈሰሰበት ነው።

ቢም በሁለት መንገድ ይሰበራል። አንዱ መሐሉ ጎብጦ ነው። በደንብ ከተሠራ ይሄኛው ጨዋ ነው፤ ፌሮው እየተለጠጠ፣ ስንጥቁ እየሰፋ፣ «ኧረ ውጡ» እያለ ነው የሚሄደው። ሌላው መሐንዲሶቹ ሺር የሚሉት ነው። ከድጋፉ አጠገብ ሰያፍ ስንጥቅ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጊዜ ሳይሰጥ ይገነጠላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1955 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ሼልቢ ውስጥ የአንድ አየር ኃይል መጋዘን ጣሪያ የወደቀው እንዲህ ነው። ቢሞቹ በተሰበሩበት ቦታ ስታፋ አልነበራቸውም። የሚገርመው ደግሞ የተሰበሩት የዘመኑ ኮድ ይፈቅድ ከነበረው ባነሰ የሺር ጫና መሆኑ ነው!

ስታፋ ማሰር አሰልቺ ሥራ ነው፤ በቀጭን ቢም ውስጥ ቦታም የለውም። የብረት ክር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም፣ ጫፏ የተቆለመመ ሽቦ ከኮንክሪቱ ጋር ትቦካለች። ስንጥቅ ሲጀምር ሁለቱን ጎን እንደ ስፌት ትይዛለች። ቶሎ አትበጠስም፤ እየተጎተተች ነው የምትወጣው። ለመሸሽ የሚሆን ጊዜ የሚገኘውም ከዚያ መጎተት ነው። የአሜሪካው ኮድ እ.ኤ.አ. በ2008 በአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 60 ኪሎ ክር ከገባ፣ ቁመታቸው ከ60 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ቢሞች ላይ ዝቅተኛውን ስታፋ እንዲተካ ፈቅዷል። ዝቅተኛውን ብቻ ነው፣ ልብ በሉ።

እኛ ክሩ ይምጣ ባዮች ነን። ግን መጀመሪያ ቢም ወደሚመረትበት ፋብሪካ እንጂ፣ አሸዋ በግምት ወደሚለካበት ሳይት አይሁን። ስታፋን ተቆጣጣሪው ኮንክሪት ሳይፈስ በፊት ይቆጥረዋል። ክርን ማን ይቆጥራል? በደንብ ካልተበተነ ተቋጥሮ አንድ ቦታ ይቀራል፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ያው ለስላሳ ኮንክሪት ነው። «ክር አለበት» ብሎ ስታፋ የሚቀንስ ኮንትራክተር እንደማይጠፋ ደግሞ እናንተም እኛም እናውቃለን።

ፋብሪካ ውስጥ ከእያንዳንዱ ምርት ጥቂት ቢሞችን መርጦ ሰብሮ ማየት ይቻላል። እኛ የምንጠይቀው ይህንን ነው፤ ይሰበሩ፣ ውጤቱም ቤቱን ለሚረከበው ሰው በወረቀት ይሰጠው።