የወንዝ ዳር መንደር በክረምትም ይጎብኝ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በአየሁ ጓጉሳ ወረዳ፣ ከአዘና ከተማ ተነሥቶ በበጋ ወራት ወደ አንድ የወንዝ ዳር መንደር የሚወርድ እንግዳ ደስ የሚያሰኝ ሥፍራ ያያል። ጥቂት ጎጆዎች በቁጥቋጦው መካከል ብቅ ብቅ ይላሉ። ዶቅማና ሾላ በወንዙ ላይ ጥላቸውን ጥለዋል። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ እረኞች ከብቶቻቸውን እየነዱ ይሻገሩታል። እንግዳው ጸጥታውን አድንቆ፣ በማስታወሻው ላይ «የጎላ ችግር የለም» ብሎ ጽፎ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ከተማ ይመለሳል።

የዚህ ዓይነቱ ጉብኝት ጉድለት በሚገባ ሊጤን ይገባዋል። እንደሚታወቀው ከአዊ ደጋ የሚነሡ ወንዞች መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ክረምት ሲገባ ያ ቁርጭምጭሚት የማያልፈው ውኃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ያን ጊዜ መንደሩ ጸጥ የሚለው ሰው ስለማይደርስበት ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው ወንዙ የሚሞላበት ጊዜ ከገበሬው የሥራ ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚከፋፈለው ዝናቡ በሚጀምርበት ወቅት ነው፤ ጆንያው ወዲያ ማዶ ከቀረ የዘር ጊዜ ያልፋል። ትምህርት ቤት በመስከረም ሲከፈት ውኃው ገና አልጎደለም። በቆላው ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሴት ባለሙያዎችን መድቧል። ሆኖም ባለሙያዋም ወንዙን መሻገር አለባት፤ ምጥ የያዛት እናትም በወሳንሳ ተይዛ ከወንዙ አፋፍ ውኃው እስኪጎድል ትጠብቃለች።

ችግሩ የአዘና አካባቢ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የገጠር ልማት ተመራማሪ ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከከተማ የሚመጡ ጎብኚዎች መኪና የሚገባበትን መንደር ብቻ እንደሚያዩ፣ በበጋ ብቻ እንደሚመጡ፣ በዚህም የተነሣ የድሀው ችግር ከዓይናቸው እንደሚሰወር አስረድቷል።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበር በትንሹ 20 ጋሻ ማለትም 800 ሄክታር ስፋት ባለው መሬት ላይ እንዲቋቋም ደንግጎ ነበር። ዛሬ ቀበሌ የሚባለው፣ ሕዝቡ ግን አሁንም ገበሬ ማኅበር እያለ የሚጠራው አካባቢም ሰፊ ነው። በአንዱ ቀበሌ ውስጥ የመንገድ ዳር መንደርና የወንዝ ዳር መንደር አብረው ይኖራሉ። እንግዳ የሚስተናገደው ግን ዘወትር በመጀመሪያው ነው።

በዚሁ በጎጃም ምድር ትምህርት የሚሆን ታሪክ አለ። በሞጣ አቅጣጫ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው የዓባዩ ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቆርጦ ከ60 ዓመት በላይ ሳይጠገን ቆየ። ሕዝቡ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ አይቶ በሚቀጥለው ዓመት ድልድዩ ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 በምትኩ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ያልታየ ችግር ዕድሜው ረጅም ነው። ሁለተኛ፣ የክረምቱን ሙላት ያላገናዘበ ሥራ አይበረክትም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድልድይ እስኪሠራ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይገባቸውም። ወንዙ መሻገሪያ ያሳጣባቸውን ቀናት በመዝገብ መያዝ፣ የሙላቱን ከፍታ በዳር ባለ ቋጥኝ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ማዳበሪያው ዝናቡ ሳይበረታ ወደ ማዶ እንዲሻገር ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር መስማማት፣ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች አስቀድመው ጤና ጣቢያ ወዳለው ማቆያ እንዲሄዱ ማድረግ በአቅማቸው ያለ ሥራ ነው። በጀት በሚጠየቅበት ጊዜ ከባዶ አቤቱታ ይልቅ ቀን የተጻፈበት መዝገብ ይሰማል።

ከሁሉም በላይ፣ የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ ከመንገድ ዳሩ አዳራሽ አስነሥቶ፣ በነሐሴ ጭቃ እስከ ወንዙ አፋፍ ማውረድ የመሪው ፈንታ ነው። ወዲያ ማዶ ቆሞ የሚጣራውን ሰው በዓይኑ ያየ እንግዳ «የጎላ ችግር የለም» ብሎ አይጽፍም።